ሞቅ ሳይለው የማይናገር ሳጥን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቡሬ ላይ የሆንኩትን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት!

አስካል የምትባል የጓደኛዬ ጎረቤት «ቪዲዮ አልቀረጽኩም» ብላ በማርያም ምላልኛለች። አስካልን ስለማውቃት ግን ቀድሜ ልጻፍ ብያለሁ።

ይህን ገጽ የከፈተችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። «አክስቴ፣ እዚህ ሰው ስለ ራሱ ነው የሚጽፈው» ብትለኝም እስከ ዛሬ የለጠፍኩት የበዓል መልካም ምኞትና የጓሮዬን ጽጌረዳ ብቻ ነው። ስለ ራሴ መናገር አልወድም።

ከዛሬ በኋላ ግን ምን የሚደበቅ ነገር ቀረኝ?

እንግዲህ ከሥሩ ልጀምር። እኔ አርሞኒካ እነፋለሁ።

አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ!

ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ስንማር አንድ የውጭ አገር መምህር ነበረን። ያስተማረን ሳይንስ ከጭንቅላቴ ከወጣ ቆይቷል። በእረፍት ሰዓት የሚነፋው አርሞኒካ ግን አልወጣም። ያንን የሚያለቅስ አነፋፉን «ብሉዝ» ነበር የሚለው። እኔና ጓደኛዬ ጥሩነሽ ስንሰማው፣ ትዝታ ባሕር ማዶ ሄዶ ቋንቋ ተምሮ የተመለሰ መሰለን።

ወደ አገሩ ሲሄድ አርሞኒካውን ለሁለታችን ሰጠን። ሳምንት እኔ ዘንድ፣ ሳምንት እሷ ዘንድ ያድር ነበር። ጥሩነሽ ቡሬ ስትዳር ግን «አንች ያዥው፣ እኔ እሰማለሁ» አለችኝ።

እኔ ልነፋ፣ እሷ ልትሰማ። ውላችን ይኸው ነው።

ታዲያ ከጥቂት ዓመት ወዲህ የጥሩነሽ ጆሮ ውሉን አፈረሰ። መጀመሪያ የስልክ ጥሪ ጠፋባት፤ ቀጥሎ የወፍ ድምፅ፤ ቀጥሎ አርሞኒካው። ልጇ የጆሮ መሣሪያ አምጥቶላት ነበር። «ያፏጭብኛል» ብላ መቀነቷ ላይ ቋጠረችው።

ባለፈው ፋሲካ ነፍቼላት ስጨርስ «ጉንጭሽ ሲነፋ አያለሁ፤ ድምፁ ግን የለም» አለችኝ።

ጉንጬን ለማየት!

አሁን ደግሞ ልጇ ሐዋሳ ወስዶ ከእሱ ጋር ሊያኖራት ነው። የፊታችን ማክሰኞ ትሄዳለች። እኔም ሳትሄድ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ አርሞኒካውን ትስማ ብዬ ተነሣሁ።

የድምፅ ማጉያ መግዛት አለብኝ። የቱን?

የእህቴ ልጅ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ «ለብሉዝ አርሞኒካ የሚሻለው ትንሽ ቲዩብ አምፕሊፋየር ነው» ብላ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ቲዩብ ምን እንደሆነ ስልኬን ብጠይቀው «ቱቦ» አለኝ።

እኔም ቱቦ ሻጭ ዘንድ ሄድኩ!

አትሳቁ። ፊደል መቁጠር ከዚህ አያድንም።

«ትንሽ፣ ባለ ቱቦ ፈልጌ ነበር» አልኩት። ሰውየው በአክብሮት ወንበር ሳበልኝና «ለስንት ቃዳ የሽንኩርት መሬት ነው፣ እማማ?» አለኝ። የመስኖ ሞተር ሊያሳየኝ መሆኑ ገባኝ። ለሽንኩርት ሳይሆን ለአርሞኒካ ነው ማለት አፈርኩ። «ለሁለት ቃዳ» ብዬ፣ ሞተሩን ዞር ዞር ብዬ አይቼ፣ «እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ።

አንዲት ራስ ሽንኩርት የለኝም! አሁን በበሩ ባለፍኩ ቁጥር «ሽንኩርቱ ያዘ ወይ?» ይለኛል። «ይመስገነው» እላለሁ።

በመጨረሻ ሬዲዮ ጠጋኙ ሙላቱ ዘንድ ሄድኩ። ቀድሞም እሱ ዘንድ ነበር መሄድ ያለብኝ፤ ግን እፈራዋለሁ። ሙላቱ በልጅነቱ ቅኔ ቤት የከረመ ሰው ነው። ንግግሩ ሁሉ ሁለት ፎቅ አለው ይባላል። አንድ ጊዜ ለአንድ ደንበኛው «ሬዲዮዎ ደኅና ነው፤ የተበላሸችው ቤት ያለችው ናት» ብሎት፣ ሰውየው ሚስቱን ሁለት ቀን አኩርፏት ነበር አሉ። ሙላቱ ሶኬቷን ማለቱ ነው።

ይህን ታሪክ ስሰማ ስቄ ነበር። ልብ በሉልኝ!

ሙላቱ ሦስት ማጉያዎች ጠረጴዛ ላይ ደረደረልኝ።

አንደኛው ሰርግ ቤት የሚጮኸው ሞንታርቦ ነው። እሱን ቡሬ ላይ ብከፍተው ጥሩነሽ ቀርታ ግሽ ዓባይ ይሰማል። ሙላቱ ግን ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ፣ ጆሮ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ወፍራሙ ይቀርለታል። በዚህ ቢነፉላቸው ይወጋቸዋል እንጂ አያሰማቸውም» አለኝ።

ሁለተኛው ቀላል፣ እጀታ ያለው፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ዙሪያውን ብልጭ ድርግም የሚል ነው። እውነቱን ልናገር፣ መብራቱን ወደድኩት። ነፋሁበት። ድምፁ ግን ትንኝ!

ሦስተኛው የዱሮ ኪነት ቡድን ትራፊ ነው። የእንጨት ሳጥን፣ ፊቱ ቡናማ ጨርቅ፣ አንድ ማዞሪያ ብቻ። በጀርባው ባየው አውራ ጣት የሚያካክሉ ሦስት የመስታወት አምፖሎች ውስጣቸው ፍም መስሎ ቆመዋል። በአባቴ ሬዲዮ ውስጥ የማውቃቸው አምፖሎች ናቸው። ቲዩብ ማለት ለካ ይህ ነው!

«ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይጨነቃል» አለ ሙላቱ። «ሲጨነቅ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይወፍራል። ትልቁ አይጨነቅም። የማይጨነቅ ደግሞ ብሉዝ አያውቅም።»

እንዳያፏጭ ብሎም የፊተኛውን ጉልበተኛ አምፖል አውጥቶ በሌላ ሰነፍ አምፖል ተካው። እሱ ነው «ሰነፍ» ያለው። ከዚያ የሳጥኑን ማይክና አርሞኒካውን ባንድ ላይ በሁለት መዳፌ አፍኜ እንድይዝ አሳየኝ። ማብራቱን እሱው አብርቶት ነበር። ነፋሁ።

መዳፍ የማይሞላ አርሞኒካ የበሬ ደረት አበቀለ!

«ይኸው ነው» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም፤ ሙላቱም አልጠበቀም።

ልወጣ ስል ጠራኝ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር አይርሱ። ይህ ሳጥን እንደ ሽማግሌ ነው። ሞቅ ሳይለው አይናገርም።»

እንግዲህ ጎጃም ያደገ ሰው ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ንግግር ሲመጣብን ሰሙን ወርውረን ወርቁን ፍለጋ እንገባለን። «ሞቅ ሳይለው» ምን ማለት ነው? ጠላ ሳይቀምስ? ሽማግሌ የተባለውስ ማን ነው? ሱቁ ውስጥ ከእኔ በቀር ሽማግሌ የለም!

አሃ! መጠጥ ካልቀመሰች አፏ አይፈታም ማለቱ ነው! በዝምታዬ ላይ ቅኔ ተዘረፈብኝ!

ቀና ብዬ «እግዜር ይስጥህ» አልኩትና ወጣሁ። ምን ማለትህ ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ወርቁ ካልገባው ሰው ተቆጥሬስ?

ዛሬ ጠዋት ከፍኖተ ሰላም ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ መንገዱን ሁሉ የሙላቱን ቅኔ እፈታለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ገበሬ ሳጥኑን አየት አደረጉት።

«ቀፎ ነው፣ እመይቴ?»

«አይደለም።»

«ንብ የለውም?»

«የለውም።»

ሲያመነቱ ቆዩና ተነሥተው ከኋላ ተቀመጡ።

ቡሬ ስደርስ የጥሩነሽ ማኅበርተኞች ሊሸኟት ቤቱን ሞልተውታል። የንስሐ አባቷ ቄሱም አሉ። ምላሷ ሚጥሚጣ የሆነው አስካልም አለች። ጥሩነሽ ከመካከል ነጭ ለብሳ ተቀምጣለች፤ ሰው ሁሉ ጆሮዋ ሥር እየጮኸ ይመርቃታል፤ እሷ ሁሉንም «አሜን» ትላለች። አንዱ «ውሃ ላምጣልዎት?» ቢላት ለእሱም «አሜን» አለች።

መብራት አለ! ይህ ራሱ ተአምር ነው።

ሳጥኑን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ሰካሁት። ቀይዋ መብራት በራች። ጥሩነሽም አርሞኒካውን ስታይ ገባት፤ ፊቷን ወደ ጉንጬ አዞረች።

ነፋሁ።

ምንም! የአርሞኒካው የገዛ ራሱ ቀጭን ድምፅ ብቻ።

ማዞሪያውን እስከ ግማሽ አዞርኩት። ምንም። እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ምንም!

«እትዬ፣ ሳጥኑ ጾመኛ ነው መሰል!» አለች አስካል።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ እንኳ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ያልሳቀችው ጥሩነሽ ብቻ ናት። የሚሳቅበትን አልሰማችም። ጉንጬን እያየች ትጠብቃለች።

ሽቦውን የማይ መስዬ ለሰው ጀርባዬን ሰጥቼ ሳጥኑ ላይ አጎነበስኩ። ማይኩ አሁንም ከአርሞኒካው ጋር በመዳፌ ታፍኖ አፌ ሥር ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ኑዛዜ አለኝ። ጥሩነሽ መስማት ካቆመች ወዲህ አንድ ልማድ አውጥቻለሁ። በደኅናው ጊዜ ያልነገርኳትን ሁሉ አጠገቧ ተቀምጬ በለሆሳስ እነግራታለሁ። አትሰማማ! እንደ እኔ ላለ ሰው ከዚህ የተመቸ ጓደኛ የለም።

አሁንም ያንኑ አደረግሁ።

«ጥሩዬ፣ አልሆነልኝም» አልኩ በሹክሹክታ።

ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር እምምም አለ። እንደ ቀፎ። ልብ አላልኩትም።

«ትሄጃለሽ እንግዲህ…»

እምምምም።

«አትሂጅብኝ!»

ይህን በሹክሹክታ ያልኩት እኔ ነኝ። የተናገሩት ግን ግድግዳውና ቆርቆሮው ናቸው! ወፍራም፣ የተሰነጠቀ፣ ብሉዝ የሆነ ድምፅ!

ያን ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን አፌ ቁልቁለት ጀምሮ ነበርና «አንች ከሄድሽ አንች የሚለኝ ማን ቀረ? ሁሉም እማማ፣ ሁሉም እርስዎ!» የሚለውም አመለጠኝ። እሱም በቆርቆሮው አልፎ መንገድ ደረሰ።

ማይኩ ከእጄ ወደቀ። ጣሪያው የተናደ መሰለ።



ወዲያው በሩ ተከፈተና ሁለት ጎረቤቶች ነጠላቸውን ለልቅሶ ዘቅዝቀው እየሮጡ ገቡ። «ኧረ ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም» አለች አስካል። «እትዬ ናቸው የተናገሩት!»

ጠረጴዛ ሥር ልገባ ፈለግሁ። ሰው ሞልቶበታል። የዘመዶቼን ቀብር በደረቅ ዓይን የሸኘሁ ሴት፣ በማኅበርተኛና በንስሐ አባት ፊት፣ በማጉያ!

ያን ጊዜ ጥሩነሽ ከወንበሯ ተነሣች።

«አንች!» አለችኝ ተቆጥታ። «ምን ያስጮህሻል? ደንቆሮ አደረግሽኝ?»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

ሰምታለች!

«ሁሉንም ሰማሽ?» አልኳት።

ጉንጬን አየች። ማይኩ ለካ መሬት ላይ ነው። አነሣሁት። ከዚህ በኋላ ምን ይመጣል ብዬ በዚያው በበሬ ደረት ጠየቅኋት፦ «ሁሉንም ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አለች። «በይ አሁን ንፊ።»

ያንን መጀመሪያ የተማርነውን ዜማ ነፋሁላት። ሁለቴ ሳትኩ።

ጥሩነሽ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ጉንጬን አላየችም።

ስለዚህ ነገር ይህን ያህል ይበቃል።

ነፍቼ እንደጨረስኩ እዚያው ሆኜ ሙላቱ ዘንድ ደውዬ ጮኽኩበት። «ነግሬዎት ነበር እኮ፣ እትዬ!» አለኝ። «አምፖሎቹ እስኪግሉ ግማሽ ደቂቃ ይፈልጋሉ።»

«ሞቅ ሳይለው አይናገርም ነው ያልከኝ!»

«ታዲያ ምን ልበል?»

ወርቅ አልነበረውም። ሰም ብቻ! ሰውየው መመሪያ ነው የሰጠኝ!

ጥሩነሽ ማክሰኞ መሄዷ አልቀረም። አትሂጅብኝ ስለተባለ ልጅ አይተውም። ሳጥኑ ግን ከእሷ ጋር ሐዋሳ ይወርዳል። ሙላቱ ስልኳ ከሳጥኑ ጋር የሚገናኝበት ሽቦ እሠራለሁ ብሏል። አርሞኒካው እኔ ዘንድ ይቀራል። እኔ ልነፋ፣ እሷ ልትሰማ።

በር ድረስ ስትሸኘኝ አንድ ነገር ብቻ አሳሰበችኝ። «ልትደውይ ስትይ አስቀድመሽ ለልጄ ንገሪው። ሳጥኑን ያሙቅልሽ፤ አንች ደግሞ እስከዚያ ሙቂ።»

ይህኛው ቅኔ ነው። ሳልፈታው ገብቶኛል።

እንግዲህ ሳጥኑ ሞቆ ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ፈጀበት። እኔ ለዚያችው «አትሂጅብኝ» ለምትል ቃል ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። እስቲ ፍረዱን፤ ከሁለታችን ሙላቱ ዘንድ መጠገን የነበረበት የትኛው ነው?