ትምባሆውን የተቀበለ እጅ

ኦክታቭ፦ ነገርኩህ እኮ! እኔ ሴትዮዋን በቅጡ አላውቃቸውም።

ዳረል፦ አጎቴ! የሚስትህ እናት ናቸው!

ኦክታቭ፦ ለዚያ ነዋ የማላውቃቸው።

[የኦክታቭ አሮጌ ፒክአፕ ከአማቱ ከወይዘሮ ፊሎሜን ደጅ ሞተሩ እየሠራ ቆሟል። በዚህ ብርድ ቢያጠፋው በረዶው እስኪቀልጥ የሚያስነሣው የለም። አጠገቡ የተቀመጠው የእህቱ ልጅ ዳረል ነው። በከተማው ኮሌጅ የእርቅና የነባር ሕዝቦች ትምህርት ኃላፊ ሆኖ ከተሾመ ወዲህ የነባሮቹን የባህል ልብስ፣ ባለ ሪባን ሸሚዙን፣ ከገላው አላወረደም። ዛሬ የመጣው ሴትዮዋ የነባር ሕዝባቸውን ቋንቋ፣ ክሪኛን፣ እንዲያስተምሩለት ሊለምን ነው። እምቢ ካሉት ክፍሉ ሰኞ ለዮጋ ይሰጣል። ጭኑ ላይ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ትምባሆ አለ። አነጋገሩ እንደ ኃላፊ ነው።]

ዳረል፦ ሠላሳ ዓመት አንድ ግቢ ኖራችሁ!

ኦክታቭ፦ አንድም ቀን አላናገርኳቸው፣ አንድም ቀን አላናገሩኝ። ፍቅራችን አይነገርም።

ዳረል፦ ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ? ይኼ እኮ የኔ ሥራ ነው! የእርቅ ኃላፊ ነኝ። አሁኑኑ ገብቼ አስታርቃችኋለሁ።

ኦክታቭ፦ መች ተጣላንና?

ዳረል፦ ሁሉም መጀመሪያ እንዲያ ነው የሚለው። ሥልጠና ላይ ተምረነዋል።

ኦክታቭ፦ አንተ ልጅ፣ እኛ ዘንድ አማትና አማች አይነጋገሩም። ክብር ነው። አባቴ ከአማቱ ጋር አንዲት ቃል ሳይለዋወጥ ነው የቀበራቸው፤ በለቅሶው ግን የሚያህለው አልነበረም።

ዳረል፦ እ... እሱንማ አውቃለሁ። ልፈትንህ ብዬ ነው።

ኦክታቭ፦ አለፍኩ?

ዳረል፦ ለጥቂት። እና እንጨት ሲያልቅባቸው ምን ያደርጋሉ?

ኦክታቭ፦ ለውሻው ይነግሩታል። «ቢንጎ፣ ያ ሰውዬ እንጨት ቢፈልጥ እጁ አይረግፍም» ይሉታል፤ እፈልጣለሁ። እኔም ሾርባው ጨው ሲያንሰው ለቢንጎ እነግረዋለሁ።

ዳረል፦ በክሪኛ?

ኦክታቭ፦ ታዲያ በምን? ቢንጎ እንግሊዝኛ አይሰማ።

ዳረል፦ [ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ ለራሱ] ውሻውም ይችላል ማለት ነው።

ኦክታቭ፦ ምን አልክ?

ዳረል፦ ውሻው ያምራል አልኩ።

ኦክታቭ፦ አንተስ በክሪኛ ነው የምትለምናቸው?

ዳረል፦ እንዴታ! የኮሌጁ ስብሰባ ላይ በክሪኛ ንግግር አድርጌ አዳራሹ ተነሥቶ ነው ያጨበጨበው።

ኦክታቭ፦ ምን ብለህ?

ዳረል፦ [ድምፁ እየቀነሰ] «ሻይ ደርሷል፣ በሩን ዝጉ፣ አንተ ውሻ ውረድ።» አያቴ ቤት የሰማሁት ያንን ብቻ ነው።

ኦክታቭ፦ በሩንስ ዘጉት?

ዳረል፦ ተው አትቀልድ! ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። መጀመሪያ ትምባሆውን እሰጣቸዋለሁ፣ ከዚያ...

ኦክታቭ፦ አያጨሱም እኮ።

ዳረል፦ ለማጨስ አይደለም!

ኦክታቭ፦ እኔም ትቻለሁ። ሐኪሙ ሳንባህን አሳርፈው ብሎኝ...

ዳረል፦ አጎቴ፣ ስማ! ከትልቅ ሰው ነገር የፈለገ ትምባሆ ይዞ ይሄዳል። ትልቁ ሰው ካልተቀበለ፣ እምቢ ማለቱ ነው። ከተቀበለ ግን አበቃ! የተጠየቀውን ያደርጋል።

ኦክታቭ፦ እንዴት፣ እንዴት? በየትኛው እጅ? ኧረ አልገባኝም፤ እስቲ አሳየኝ።

ዳረል፦ ወይ ጉድ! በዚህ ዕድሜህ? እሺ፣ አንተ ወይዘሮ ፊሎሜንን ሁን።

ኦክታቭ፦ አማቴን? ከራሴ ጋር ላልነጋገር?

ዳረል፦ በቃ እኔ እሳቸውን ልሁን።

ኦክታቭ፦ አማቴ ከሆንክማ አላናግርህም። ቢንጎን ጥራልኝ።

ዳረል፦ [ራሱን ይዞ] ማንም ማንንም አይሁን! እኔ ዳረል፣ አንተ ኦክታቭ! ያዝ ትምባሆውን። አሁን ስጠኝ!

[ኦክታቭ ቆቡን አወለቀ። ጥቅሉን በሁለት እጁ አቀረበ። ዳረል በሁለት እጁ ተቀበለ።]

ዳረል፦ አየህ? ተቀበልኩ። አሁን የፈለግከውን ጠይቀኝ፤ እምቢ ልልህ አልችልም።

ኦክታቭ፦ ማንም ቢሆን?

ዳረል፦ ማንም።

ኦክታቭ፦ ኃላፊም ቢሆን?

ዳረል፦ ኃላፊማ ይብስበታል! በል ጠይቅ።

ኦክታቭ፦ ሰኞ አማቴ ክፍል ገብተህ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ፣ ክሪኛ ተማር።

[ሞተሩ ሳለ።]

ዳረል፦ ልምምድ ነው እኮ...

ኦክታቭ፦ አንተ ዳረል፣ እኔ ኦክታቭ። ማን ነው ያለው?

ዳረል፦ ተማሪዎቼ ፊት? እንደ ሕፃን «ይኼ ማንኪያ ነው» እያልኩ? እችላለሁ ብዬ ተቀጥሬ!

ኦክታቭ፦ እኔን አባቴ ወጥመድ ከሚዘረጋበት ጫካ ደበቀኝ። እናትህን አዴልን ግን መንግሥት ክሪኛ መናገር ወደሚከለከልበት አዳሪ ትምህርት ቤት ወሰዳት፤ ስትመለስ አፏ ባዶ ነበር። ከየት አምጥታ ትስጥህ? ያልሰጡህን አላውቅም ማለት አያሳፍርም። አውቃለሁ ማለቱ ነው እንጂ።

[ዳረል ጥቅሉን አገላበጠው። መልሶ ሊሰጥ እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው።]

ዳረል፦ እሺ... እማራለሁ። ኧረ ቆይ! የሳቸው ትምባሆ እኮ ይኼው ነበር! አሁን በምን ልለምናቸው ነው?

ኦክታቭ፦ እሳቸውማ ትናንት ጨርሰዋል። «ቢንጎ» አሉት፣ «የአዴል ልጅ ራሱ የሚማር ከሆነ አስተምራለሁ። ማንም እንዳያስገድደው፤ በገዛ እጁ ይቀበል።»

[የቤቱ በር ተከፈተ። ወይዘሮ ፊሎሜን ብቅ አሉ፣ መኪናውን ሳያዩ በረንዳው ላይ ለተኛው ውሻ በክሪኛ የሆነ ነገር አሉትና ገቡ።]

ዳረል፦ [ጣሪያው እስኪመታው ዘሎ] ገባኝ! አጎቴ፣ ገባኝ! ሻይ ደርሷል፣ በሩን ዝጉ፣ አንተ ውሻ ውረድ! ቆይ ግን... ውሻው መሬት ተኝቶ ከየት ነው የሚወርደው?

ኦክታቭ፦ መኪና ላይ የተሰቀለው ማን ነው?

[ወረዱ። ዳረል ደረጃው ሥር ድንገት ቆመ።]

ዳረል፦ እንዴ! «በየትኛው እጅ» ያልከኝ... አላውቅም ያልከኝ... ሆን ብለህ ነው አይደል ያጠመድከኝ?

[ኦክታቭ ጥቅሉን አየው። ትልቅ ሰው በትምባሆ እንደሚጠየቅ ዳረል ገባው፤ ቆቡን አውልቆ ትምባሆውን በሁለት እጁ አቀረበ። ኦክታቭ ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ከተተ።]

ኦክታቭ፦ ትቻለሁ አላልኩህም?