ክቡር ዶክተር ፉአድና የአርባ ደቂቃው ውሃ

ቀላል ነገር ቀላል ሆኖ እንዲያልፍ የማይፈቅድ ሰው በየከተማው አይጠፋም። ከአምቦ ወደ እጃጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ዶክተር ፉአድ ናቸው። አምቦ ሒሳብ ያስተምራሉ፤ የቀረውን ነገር ሁሉ ደግሞ ለከተማው ሰው ያለ ደመወዝ ያስተምራሉ።

ሚኒባስ ሲሳፈሩ ሹፌሩን፣ «አየህ፣ ፍሬኑን ዘግይተህ ስለረገጥክ ነው አብዝተህ የረገጥከው!» ይሉታል። ሰርግ ላይ ወጥ ጨላፊዋን አስቁመው የሰልፉን ጠባይ ሶፍት ላይ ይስላሉ፤ ከኋላ ያለው በረሃብ ያልቃል። ሐዘን ቤት ገብተው «ሁሉም ነገር ሲስተም ነው» ሲሉ ለቅሶ እንኳ ቀጥ ያለበት ቀን አለ።

ከሁሉ አብልጦ የሚሸሻቸው ደቻሳ ነበር። ደቻሳ ኮረብታው ላይ ሆኖ የከተማውን ውሃ በቫልቭ የሚከፍትና የሚዘጋ፣ ስሙን ለመጻፍ እንኳ የሚያልበው ዓይናፋር ሰው ነው። ዶክተሩ እየወጡ ይይዙታል።

«ቫልቩን ስታዞር ለውጡ ታች ሰፈር የሚታየው በስንት ደቂቃ ነው?»

«እ... አርባ ይሆናል፣ ጌታዬ።»

«አርባ! ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶሃል?»

አልገባውም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያስረዱታል። አሁንም አልገባውም።

አንድ ቀን የታች ሰፈር ቧንቧ ፈነዳ። የውሃ ኃላፊው ኦቦ ገቢሳ ስብሰባ ጠሩና «የፈነዳው በእኔ ጥፋት ነው» የሚል ወረቀት ደቻሳ ፊት አኖሩ። ፈረመ ማለት ከሥራ ተባረረ ማለት ነው።

«ፈርም እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» አሉት ኦቦ ገቢሳ።

ደቻሳ እስክሪብቶውን አነሳ።

«ወላሂ አይፈርምም!» አሉ ዶክተር ፉአድ፣ ማንም ሳይጠራቸው ገብተው። «ኦቦ ገቢሳ፣ የዚያን ቀን ስንቴ ደወሉለት?»

«ሰው ውሃ የለም ሲለኝ ጨምር አልኩት። አሁንም የለም ሲለኝ አሁንም ጨምር አልኩት። ሥራዬ አይደለም እንዴ?»

«በየስንት ደቂቃው?»

«በየአምስቱ ቢሆን ነው...»

«የመጀመሪያው ጨምር ገና መንገድ ላይ እያለ ሰባት ጨምር አስከተሉበት! ከዚያ ሁሉም ተከታትለው ደረሱ፤ ቧንቧው ምን ያድርግ?»

ጠመኔ አንስተው ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞሉት። «እንዲህ እየታዘዘ ይህን ቫልቭ የሚቆጣጠር ፍጡር አልተወለደም። ማረጋገጫው ይኸውልዎ።»

«ይሄን ማን ያነበዋል?»

«ካላነበቡት እሱንም አይቅጡታ!»

በዚህ ጊዜ፣ ስብሰባ ላይ ተናግሮ የማያውቀው ደቻሳ ተነሳ። «ኦቦ፣ እኔ አልፈርምም። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ፣ አንዴ ካዞርኩ ስልኩ ቢጮህ ቢጮህ አርባ ደቂቃ ሳይሞላ አልነካውም።»

ኦቦ ገቢሳ ሰሌዳውን አዩ፣ ደቻሳን አዩ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ጽዳቷ ፋንቱ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ገባች። ደቻሳ ሰሌዳውን በጀርባው ከልሎ ቆመ።

«እሱን አትንኪው።»

«ለምን? ምን ይላል?»

«እኔ እንጃ። ዶክተሬ ስለ እኔ የጻፉት ነው።»