ኤሲውማ ይሠራል

አሮጌ የቅንጦት መኪና የሚነዳ ሰው ሁለት ዓይነት ሰላምታ ይደርሰዋል። ከሩቅ ያየው "ጋሼ!" ይለዋል። ቀረብ ብሎ ያየው ደግሞ "እግዜር ያጽናዎት" ይለዋል። እኔ ሁለቱንም ለምጃለሁ።

መኪናዋን እኔ አልገዛኋትም። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ከየት አምጥቶ? ነጋዴው ታላቅ ወንድሜ አዲስ ሲገዛ፣ "ውሰዳት፣ ግቢዬን አጣበበችብኝ" ብሎ ሰጠኝ። ጀርመን ሠራሽ ናት። ወንበሯ ቆዳ፣ ዳሽቦርዷ እንጨት ነው። በሯ ሲዘጋ "ድፍ" ይላል እንጂ እንደ ሌላው መኪና አይንኳኳም። መጀመሪያ ሰሞን በሩን ለመስማት ብቻ ሁለት ሦስቴ ከፍቼ እዘጋ ነበር። ለማንም አትንገሩብኝ።

"አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የመኪና ኤሲ ምን ያደርጋል?" ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ግን እኛ የምንኖረው ላፍቶ ነው። መንገድ ሲቆፈር መስኮት ከፍታችሁ ሂዱና ቤት ስትደርሱ ቅንድባችሁን አራግፉ። መስኮቱን ከዘጋችሁት ደግሞ በሚያዝያ ፀሐይ ትቀቀላላችሁ። ስለዚህ ኤሲ።

ባለቤቴ ብርቅነሽ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ጡረታ ልትወጣ አራት ዓመት ይቀራታል። እኔ ሥራ ፈት ስለሆንኩ ጠዋት አደርሳታለሁ፣ ከሰዓት እመልሳታለሁ። ታዲያ ገና ብስራተ ገብርኤል ሳንደርስ ነጠላዋን ታወርዳለች። ቀጥሎ በወረቀት ታራግባለች። ከዚያ "ኤሲው አይሠራም" ትላለች።

እኔ እጄን ፊቴ ካለው የአየር መውጫ ላይ አደርጋለሁ። በረዶ ነው።

"ኧረ ይሠራል ብርቄ" እላታለሁ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ተባባልን።

ፍርደ ገምድል እንዳትሉኝ፣ መካኒክ ዘንድ ወስጃታለሁ። መኪናዋን ማለቴ ነው። የመጀመሪያው "ጋዝ ጎድሏል" አለና ሞላ። ከዚያ መሪው ጋ ተቀመጠ፣ ማብሪያውን ጫነ፣ እጁን ዘረጋ። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፍሪጅ ነው!" አለ። ሁለተኛው ኮፈኑን ከፍቶ ቅጠልና አቧራ የሞላበትን የኤሲ ራዲያተር በውሃ አጠበ። እሱም መሪው ጋ ተቀመጠ፣ እሱም እጁን ዘረጋ። ሦስተኛው ኤሌክትሪሺያን ነው። ብዙ ሽቦ አየ፣ ብዙ ራሱን ነቀነቀ፣ በመጨረሻ መሪው ጋ ተቀምጦ "ይሄን ያህል እየቀዘቀዘ ምን አድርግ ነው የሚሉኝ?" ብሎ ተቆጣኝ።

ሦስት ባለሙያ መስክሮ ሲያበቃ ምን ይቀራል? መኪናዋ ጤነኛ ከሆነች፣ በሽታው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቀስ ብዬ፣ በፍቅር፣ "ብርቄ፣ ዕድሜም እኮ ነው። በዚህ ዕድሜ ሴቶችን ሙቀት ሙቀት ይላቸዋል ይባላል" አልኳት።

ክሊኒክ ይዤያት ሄድኩ። በዚያችው መኪና ነው የወሰድኳት፤ እንደ ደረሰች ላቧ በግንባሯ ይንቆረቆራል። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ደም አስመረመረች፣ እንቅርት ነው ወይ ብላ አንገቷን ዳበሰች፣ ግፊቷን ለካች። ውጤቱ ሲመጣ "እናቴ፣ ምንም የለብዎትም። ውሃ ይጠጡ" አለቻት። እኔ ደስ አለኝ። ብርቅነሽ ግን ደስ ያላት አትመስልም ነበር። ስሙ ያልተገኘ በሽታ ከታወቀው ይብሳል። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይላሉ። እሷ መች ደበቀች? በየቀኑ ነው የተናገረችው።

ከዚያ በኋላ "ኤሲው አይሠራም" ማለቷን ተወች። ሰላም ወረደ አልኩ። ሹራቦቿን ሰብስባ ለእህቷ ሰጠች። "ለእኔ ከእንግዲህ አይሆኑኝም" አለች። ቀጥላ በታክሲ መሄድ ጀመረች። ምን አጠፋሁ ብላት፣ "እዚያ ሁላችንንም እኩል ነው የሚሞቀን" አለችኝ። አንድ እሑድ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ በእጅ ጽሑፏ የተጀመረ ማመልከቻ አየሁ። ያለ ጊዜዋ ጡረታ እንዲፈቀድላት ትጠይቃለች። ምክንያቱ "የጤና መታወክ" ይላል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"አቅም እያነሰኝ ነው። ሰው መሀል ወድቄ ከማፍር ብዬ ነው" አለች። ያንን ሥራ ምን ያህል እንደምትወደው አውቃለሁ። የሠላሳ ዓመት ፋይል የት እንዳለ ዓይኗን ጨፍና ትነግራችኋለች። ነገሩ የመኪና ነው ብዬ ግን አሁንም አልጠረጠርኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

በማግስቱ የመኪናዋ ፍሬን ይጮህ ስለነበር ሀና ማርያም የሚሠሩ መካኒክ፣ ጋሽ ማርቆስ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ማርቆስ የወላይታ ሰው ናቸው፣ ጴንጤ ናቸው፣ አይምሉም፣ አይሳደቡም፣ ብዙም አይናገሩም። ለመካኒክ ይሄ ሁሉ ብርቅ ነው። "ጩኸቱን ነድቼ ልስማው" አሉና ቁልፉን ተቀበሉኝ። እኔ ጋቢና ገባሁ። መኪናዋ የኔ ከሆነች ጀምሮ ጋቢና ስቀመጥ የመጀመሪያዬ መሆኑ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

አምስት ደቂቃ እንደ ሄድን ኮሌታዬን ፈታሁ። ትንሽ ቆይቼ ኮቴን አወለቅኩ።

"ጋሽ ማርቆስ፣ እባክዎ ኤሲውን ይክፈቱት።"

"ተከፍቷል መምህር። እኔ እንዲያውም በረደኝ።"

እጄን ፊቴ ካለው መውጫ ላይ አደረግሁ። የሻይ ማንቆርቆሪያ ትንፋሽ ነው! ጋሽ ማርቆስ አንድ ጊዜ አዩኝና ዳር ይዘው አቆሙ። አንድ እጃቸውን በሳቸው በኩል፣ አንዱን በኔ በኩል ባለው መውጫ ላይ አደረጉ። ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ፣ ሁለት ቱቦዎችን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። አንዱን ነክተው እጃቸውን ቶሎ አነሱ።

"ይቺ መኪና አየር የምትሰጠው ለሾፌሩ ለብቻው፣ ለጋቢናው ለብቻው ነው" አሉ። "ሁለት ቫልቭ አላት። የሞተሩን ፍል ውሃ ለሁለቱም ወገን የሚያሳልፉትና የሚዘጉት እነሱ ናቸው። የሾፌሩ ይዘጋል። የጋቢናው ግን ተከፍቶ ደርቋል። ኤሲው ያቀዘቀዘውን አየር ፍል ውሃው መልሶ ያሞቀዋል።"

ሠላሳ ዓመት ደጋና ቆላ ያስተማርኩ ሰው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱን ይዤ ስዞር አልገባኝም።

"እዚህ ማነው የሚቀመጠው?" አሉኝ።

"ባለቤቴ።"

"እሳቸው ተናግረው አያውቁም?"

"ፍሬኑን አይተውልኛል?" አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ከተፈታታ መኪና ላይ ቫልቭ አግኝተው ቀየሩት። ከሰዓት ብርቅነሽ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። በግድ ገባች። ሳር ቤትን አለፍን፣ ብስራተ ገብርኤል ደረስን። ነጠላዋን አላወረደችም። ይልቅ ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገችው። ከዚያ ወረቀቱን ትፈልግ ይሆናል ብዬ በጎን ሳያት፣ እጇን መውጫው ላይ አድርጋለች።

ሁሉንም ነገርኳት። ቫልቩን፣ ፍል ውሃውን፣ ሁሉም መካኒክ መሪው ጋ ብቻ መቀመጡን።

"ሁለት ዓመት ስነግርህ ያልሰማኸኝን፣ ጋሽ ማርቆስ አንዴ ሲነግሩህ ሰማህ" አለች።

"እሳቸው መካኒክ ናቸው።"

"እኔስ? ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።"

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባላል። እኔ ደግሞ እየሰደድኩ ሐኪም አምጡ ስል ኖሬያለሁ። ይቅርታ ጠየቅኋት። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ግን እያሰበች ነው።

"ስለዚህ ማመልከቻውን ልቅደደው?"

"ቅደጂው!"

"አላረጀሁም ማለት ነው?"

"ምን በወጣሽ! ያረጀው መኪናው ነው" አልኳት፣ ዕዳዬን በአንድ ቃል የከፈልኩ መስሎኝ።

ብርቅነሽ ከእግሬ እስከ ራሴ ቀስ ብላ አየችኝ።

"መኪናው ብቻ?" አለች።