«ገና ልጅ» የሆነችው የጋሽ ፋሩቅ መኪና

ቅዳሜ ረፋድ መካነ ሰላም ገበያ የገባው ወሬ ከበርበሬው በላይ አስነጠሰ፦ ጋሽ ፋሩቅ መኪናቸውን ሸጡ! ትናንት ያለው ከሚባለው ደላላ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እንደ ከብት ገበያ ደንብ ጋቢ ስር በጣት ዋጋ ሲነጋገሩ ታይተዋል።

ሚስታቸው አሚራ ስትሰማ ሳቀች። «ፋሩቅ? እኔን መሸጥ ይቀለዋል!»

እውነቷን ነው። መኪናውን ከቤተዘመድ የሚቆጥር ሰው የሌለበት ከተማ የለም፤ የእኛው ግን የሁሉም አለቃ ነው። ክቡር ጋሽ ፋሩቅ ሠላሳ ሁለት ዓመት የነዷትን ሎንግቤዝ «አሰላሙ አለይኩም» ሳይሏት ቁልፍ አያስገቡም። ዝናብ ሲመጣ ጋቢው ለሞተሩ፣ ብርዱ ለእሳቸው ነው። «አላረጀችም?» ያላቸውን ክንዱን ይዘው ራቅ ያደርጉና፣ «ቀስ በል፣ ትሰማለች! ገና ልጅ ናት» ይሉታል።

ልጅቷ ታዲያ የከተማውን ግማሽ ድራለች። መርጌታ ቃለ ክርስቶስ ልጃቸውን ሲድሩ አሥራ አራት ሰውና አንድ ሙክት ጭና አጅባር ገብታለች። የጋሽ ፋሩቅና የአሚራ ልጅ ኢልሀም የተወለደችውም ወደ ከላላ ከተማ ሲኬድ መንገድ ላይ፣ በዚህችው መኪና የኋላ ወንበር ነው። ነገ ኢልሀም ታገባለች፤ አባቷም «በተወለደችበት ወንበር ተቀምጣ ትሄዳለች» ብለው ለአማቾቹ ምለዋል።

አሚራ እየሳቀች ቤቷ ደረሰች። ግቢው ባዶ ነው። የጎማ ፈለግ ብቻ።

ጎረቤቷ ብርሀንነሽ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች። «አይዞሽ አሚርዬ፣ ለሙሽራዋ የአሻግሬን ባጃጅ እንለምናለን።»

«ልጄን በባጃጅ?» አሚራ ደረጃው ላይ ዘፍ አለች። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ «ጣውንቴ» እያለች ስታማት የኖረችው መኪና፣ ጉድ ነው፣ ናፈቀቻት።

ያኔ ከቁልቁለቱ ያ የሚታወቅ ማጓራት ተሰማ። ሎንግቤዟ ታጥባ፣ እያብረቀረቀች ዳገቱን ወጣች። ከኋላዋ በገመድ የምትጎተት አንዲት መስታወት አልባ፣ በመልክ መንትያዋ የሆነች መኪና አለች፤ መሪዋን የጨበጠው ደላላው ያለው ነው።

«ሸጣት አሉኝ እኮ!» አለች አሚራ ብድግ ብላ።

«ገዛሁ እንጂ!» አሉ ጋሽ ፋሩቅ ከሎንግቤዟ እየወረዱ። «ጋቢ ስር የገባነው ይቺ እንዳትሰማ ነው፤ ትቀናለች።»

«በልጅህ ሠርግ ዋዜማ ሌላ ጣውንት አመጣህብኝ?»

«መለዋወጫ ናት። የኢልሀምን ልጆችም የምትድራቸው ይቺው የእኛዋ ናት።»

ብርሀንነሽ አልቻለችም። «ጋሽ ፋሩቅ፣ ይቺ አሮጊት እስከዚያ—»

አሚራ ክንዷን በአጥሩ ላይ ያዝ አደረገቻት። «ቀስ በይ፣ ትሰማለች!»

ጋሽ ፋሩቅ ኮፈኗን በጋቢያቸው ጫፍ ወልወል አደረጉና መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አልሸጥኩም፣ አልሸጥም፣ የጠየቀኝም የለም! ገና ልጅ ናት!»