ሊቀ መስፈርት ወንዳወቅና ያልተቆጠሩት ችግኞች

በዚህ አገር ከተማ ነኝ የሚል ቦታ ሁሉ አንድ መስፈርት አዋቂ አያጣም። ሐኪም ያጥረው ይሆናል፤ ውኃም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣ ይሆናል፤ መስፈርት አዋቂ ግን አይጎድልበትም። ሹም አይደለም፣ ማንም አልላከውም፣ ደመወዝ የሚከፍለውም የለም። ብቻ እናንተ ለአንድ ጉዳይ ገና ልትነሡ ስታስቡ፣ የሚጎድላችሁን ወረቀት እሱ ቀድሞ ያውቀዋል።

የቡሬው መስፈርት አዋቂ አቶ ወንዳወቅ ይባላሉ። ሠላሳ አራት ዓመት በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጡ ይባላል እንጂ፣ የወጡት መዝገብ ቤቱን ይዘው ነው። ሠፈሩ "ሊቀ መስፈርት" ይላቸዋል፤ እሳቸውም ማዕረጉን እንደ ቀልድ አልተቀበሉትም። አንድ ጊዜ ለጋብቻ ሽማግሌ ሆነው ቢላኩ፣ የልጅቱ አባት "እስቲ እንመካከርበት" አሏቸው። "መልካም፤ መልሱን በስንት ቀን ውስጥ እንጠብቅ?" ብለው እስክሪብቶ አወጡ። አባትየው ደንግጠው ልጅቱን እዚያው ሰጡ።

ባለፈው ዓመት በጽዋ ማኅበር ላይ የሆነውንማ ማን ይረሳዋል! አንዱ ከስልኩ ላይ፣ "በውጭ አገር ዕፀ ፋርስ አምርቶ ለመሸጥ መንግሥት ፈቃድ ይሰጣል" ብሎ አነበበ። እኛ ዘንድ ወኅኒ የሚያስወርደው ቅጠል ነው እኮ! ቤቱ በሙሉ አማተበ። ሊቀ መስፈርት ግን መነጽራቸውን አደረጉ።

"ቆይ፣ ቆይ፤ መስፈርቱስ ምን ይላል?"

ተነበበላቸው፦ አጥር፣ ዘበኛ፣ ለእያንዳንዱ ተክል ቁጥር፣ መዝገብ፣ ሳይነገር ከተፍ የሚል ተቆጣጣሪ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አዩ የኔታ፣ ሥርዓት ማለት እንዲህ ነው!"

"አንተ ወንዳወቅ" አሉ መሪጌታ ክንፈሚካኤል፣ "ሰይጣንም ማመልከቻውን በሦስት ቅጂ ይዞ ቢመጣ ልታስተናግደው ነው!"

"ኧረ ይቅር ይበለኝ የኔታ! ደግሞስ ማኅተም ከየት ያመጣል?"

እንግዲህ የእኚህ ሰው የአጥር ጎረቤት ሆና የተገኘችው አምለሰት ናት። አምለሰት የማስተማር ሥራዋን ትታ በጓሮዋ የተዳቀለ አቮካዶ ችግኝ ታፈላለች። ችግኝ አፍልቶ ለመሸጥ ደግሞ የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ መስፈርቱም አሥራ አንድ ነው። ሊቀ መስፈርት አሥራ አንዱንም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘውታል። ገና ወፍ ሲንጫጫ ከበሯ ይቆማሉ።

"አምለሴ፣ ለችግኙ የምትሠሪው ጥላ ቁመቱ ስንት ደረሰ?"

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ደኅና አደርሽ ይበሉኝ እንጂ!"

"ደኅና አደርሽ። የጥላው ቁመት?"

በግንቦት መጨረሻ ከማንኩሳ የገበሬዎች ማኅበር ሰዎች መጡ። ችግኙን ዞረው አዩና "ሁሉንም እንወስደዋለን" አሉ። አምለሰት እልል ልትል ምንም አልቀራት። ይኸኔ ሊቀ መስፈርት ሜትራቸውን እንደያዙ ከጥላው ሥር ብቅ አሉ።

"ደግ ነው፤ ግን ይኸ ገና ፈቃድ የለውም" አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ገዢዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። "እንግዲያው እስከ ሰኔ ሚካኤል ፈቃዱን ይዘሽ ጠብቂን። ያለበለዚያ ሌላ ዘንድ እንሄዳለን" ብለው ወጡ። ክረምቱ ከገባ ደግሞ የችግኙ ሥር የተተከለበትን ከረጢት ቀዶ መሬት ይይዛል፤ ሲነቀል ይደርቃል። የዓመት ከመንፈቅ ድካም ውኃ በላው ማለት ነው።

አምለሰት ነደደች። "ጋሼ፣ እርስዎ ጎረቤት ነዎት ወይስ ጠላት? ከዛሬ ጀምሮ በዚህ በር እንዳያልፉ!"

ሽማግሌው ሜትራቸውን ጠቅልለው ወጡ። በማግሥቱ ልጃቸው ሠርክአዲስ ወደምታስተምርበት ወደ ዱርቤቴ መሄዳቸው ተሰማ። "እሰይ!" አለች አምለሰት፤ ሠፈሩ እንዲሰማላት ጮክ ብላ።

ሰኔ ዘጠኝ ቀን ለፈቃዱ የሚመረምሩ ሁለት ባለሙያዎች ከፍኖተ ሰላም መጡ። ጥላው አለፈ፣ ውኃው አለፈ፣ አጥሩ አለፈ፤ ሽማግሌው እየነዘነዙ ያሠሯት ሁሉ አንድ በአንድ አለፈ። ድረስ የሚባለው ባለሙያ ለአሥራ አንደኛው መዝገቡን ገለጠ። "የችግኝ ብዛት በቁጥር" ከሚለው ሥር፣ "ብዙ ነው፣ ተመስገን" ተብሎ ተጽፏል።

"ምንድን ነው ይኸ?"

"የተቆጠረ አይበረክትም፣ ልጄ" አሉ የአምለሰት እናት እማማ እታለም። "ያንተስ እናት ጥጆቿን ትቆጥራለች?"

ድረስ የዳሞት ልጅ ነው፤ ልማዱን ያውቀዋል፤ ራሱን አከከ። "አትቆጥርም፣ እናቴ። ግን 'ብዙ ነው፣ ተመስገን' በሚል ላይ አልፈርምም። እስከ አሥር ሰዓት እዚህ ነን፤ ከዚያ በኋላ የምንመለሰው ከሐምሌ ወዲያ ነው።"

እማማ እታለም ከችግኙ መሐል ቁጭ አሉ። "እኔ በሕይወት እያለሁ አንዲትም አትቆጠርም!" አምለሰትም ብትሆን፣ ተማርሁ ትበል እንጂ፣ ጣቷን ወደ ችግኙ መቀሰር ፈራች። ቢደርቅስ? ያላት አንድ መንገድ ነበር። እፍረቷን ዋጥ አድርጋ ስልኳን አነሣች።

"ጋሼ..."

"ስንተኛው ነው የጎደለው?" አሉ፣ ሰላምታም የለ።

"አሥራ አንደኛው።"

"አውቄው ነበር! እታለም አታስቆጥርሽም። በይ ጻፊ። የገዛሽው ከረጢት ስድስት ሺህ፤ ባዶ ከረጢት መቁጠር ነውር የለውም። ሳይሞላ ተቀዶ የተጣለ ሃያ። የደረቀ ችግኝ፣ እስከሄድሁበት ቀን ድረስ፣ ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት።"

"ይኸን እንዴት አወቁ?"

"የደረቀውን ከአጥሬ ሥር አይደል የምትጥሉት? በየማለዳው እመዘግብ ነበር። የሞተ ቢቆጠር ምን ይሆናል? ከሄድሁ ወዲህ የተጣለውን ጨምሪና ለባለሙያው ስጪው። እሱ ይቀንስ። እናንተ እንዳትቀንሱ!"

አምለሰት ወደ አጥሩ ሮጠች፤ አሥራ አንድ የደረቁ አገኘች። ድረስ ለእማማ እታለም ጀርባውን ሰጥቶ፣ ድምፁን ሳያሰማ ቀነሰ፤ ጻፈና ፈረመ። እማማ እታለም መርቀው ሸኙት። ፈቃዱ በሚካኤል ዋዜማ ደረሰ፤ የማንኩሳዎቹም በሁለት አይሱዙ ጭነውት ሄዱ።

ሁሉም ሰመረ፤ ሽማግሌው ግን አልተመለሱም። አንድ ሳምንት ሆነ፣ ሁለት ሆነ። አምለሰት ለአዲሱ ችግኝ አፈር እየሞላች ዓይኗ ወደ በሩ ይሄዳል። "እግዜር ይስጥልኝ" ስትላቸው እንኳ በስልክ፣ በጥድፊያ ነበር። አፈረች፤ ናፈቋትም። አንድ ማለዳ ደወለች። ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ጋሼ፣ አዲስ መስፈርት መጥቷል።"

"ምን የሚል?" ድምፃቸው ነፍስ ዘራ።

አላሰበችበትም ነበር። "ችግኝ የሚያፈላ ሰው ሁሉ... አጠገቡ የሚነዘንዘው ጎረቤት ሊኖረው ይገባል ይላል።"

እንዲህ ያለ መስፈርት በምድር ላይ እንደሌለ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ሰው የለም።  ይሁን እንጂ ከስልኩ ራቅ ብለው ሲጣሩ ሰማቻቸው፦

"ሠርክአዲስ! ለቡሬ የመጀመሪያው መኪና በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?"