አራት ዓመት የዘለለው ማመልከቻ

መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች የምቀናበት ችሎታ አላቸው። ሴትዮዋን ከገጹ ግርጌ ይድሯትና ገጹን ስትገልጡት «ዓመታት አለፉ» ብለው የሦስት ልጆች እናት አድርገው ያስቀምጧታል። በቃ። ማን አማጠ፣ ማን ገብሱን አረመ፣ ማን በክረምት እንጨት ፍለጋ ገደል ወረደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እውነተኛውን ታሪክ እንጽፋለን የሚሉትም ያው ናቸው፤ ሰው ለተላለቀበት አንድ ቀን ሃያ ገጽ ይሰጡና ሰው በሰላም ላረሰበት ሃያ ዓመት አንድ መስመር ይበቃዋል ይላሉ። እስቲ እናንተ ከኖራችሁት ውስጥ የትኛው ቢዘለል ትፈቅዳላችሁ?

እኔ ከሰባተኛ ክፍል የቀረሁ ነኝና ይህን የምለው ተምሬ አይደለም። ደርሶብኝ ነው።

በወረዳችን ከተማ በዘመሮ በሴቶች ስብሰባ «በጋብቻ ያቋረጣችሁ ወደ ትምህርታችሁ ተመለሱ» ተባለ። ባሌ ሦስት ቀን ካሰበ በኋላ «ሁለት ዓመት። ሰባተኛንና ስምንተኛን ጨርሺ፣ ከዚያ ወዲያ እንዳታነሺብኝ» አለ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ማስታወቂያ ለጥፏል፤ ካቋረጠ ከአራት ዓመት ያልበለጠው ወደ ነበረበት ክፍል ይመለሳል፣ የበለጠው ሁለት ክፍል ዝቅ ይላል፣ ሁሉም ማመልከቻ ይዞ ይቅረብ።

ማመልከቻ የሚጽፉት ጋሽ ደምሴ ናቸው። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ጉልበታቸው ላይ የበግ ጠጉር ባና ጣል አድርገው ይቀመጣሉ። «መቼ ነው ያቋረጥሽው?» ሲሉኝ እኔ አፌን እስክከፍት አብረውኝ የመጡት አማቴ ቀደሙኝ።

«በዘመነ ሉቃስ በጥር ነው ያመጣናት» አሉ።

እኛ ዘንድ ዓመት የሚጠራው በአራቱ ወንጌላውያን ነው፤ ቁጥሩን ለመንግሥት ትተንለታል። ጋሽ ደምሴ በጣታቸው ወደ ኋላ ሄዱ። የያዝነው ማርቆስ፣ አምና ማቴዎስ፣ ካቻምና ዮሐንስ፣ ከዚያ በፊት ሉቃስ። «ከሦስት ዓመት በፊት» ብለው ጻፉ። ሉቃስ ግን በየአራት ዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። እኔ የተዳርኩት በዚያኛው፣ ከሰባት ዓመት በፊት በነበረው ሉቃስ ነው!

«እማማ፣ ሰባት ነው እኮ» ብዬ ባንሾካሹክ ክንዴን ቆነጠጡኝ።

«ዝም በይ! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። እግዜር የሰጠሽን ልትመልሺለት ነው?»

ምን እዋሻችኋለሁ፣ ዝም አልኩ። ደስም አለኝ። ሰባተኛ ክፍል ልገባ፣ ባሌ በፈቀደው ሁለት ዓመት ልጨርስ። ወደ ትምህርት ቤቱ ስንወጣ ግን ወረቀቱን አነበብኩት። ልጄ አምስት ዓመት አልፏታል። በጋሽ ደምሴ ሒሳብ በሰርጌ ቀን ሁለት ዓመት አልፏት ነበር፤ ከሚዜዎቹ መሀል ሮጣ ወጥታ ሙሽራውን «አባዬ» ብላ ተቀብላዋለች ማለት ነው። ብቻዬን ሳቅሁ።

ሳቄ ፍቅሬ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፍቅሬ ከእሷ ቀጥሎ የወለድኩት ነው። በዚያኛው ማርቆስ በኅዳር መጣ፣ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ፣ ከክርስትናው በሦስተኛው ሳምንት ሄደ። ዕድሜው እንዳለ የተዘለሉት አራት ዓመታት ውስጥ ነው። እኛ አራት ዓመት ቢጎድልብን የቀረው ይበቃናል። እሱ ሌላ የለውም።

ርእሰ መምህሩ ወረቀቱን አይቶ «ጥሩ፣ ሰባተኛ ትገቢያለሽ» አለና ማኅተሙን አነሣ።

«ተሳስቷል። ሰባት ዓመት ነው» አልኩ። እኔን የሚያውቁኝ ሰዎች ቢሰሙ ማን ተናገረ ብለው ዞር ዞር ይሉ ነበር።

«ሰባት ካልሽ እኮ አምስተኛ ክፍል ነው የምትገቢው።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ አልጠየቅሁሽም። ሦስት ይበል ተይው፤ ማን ይቆጥራል?»

«እኔ።»

ትክ ብሎ አየኝና እስክሪብቶውን ሰጠኝ። «ሦስት» የሚለውን ሰርዤ «ሰባት» አደረግሁት። እጄ ከጀመረ አልቆም ብሎ ከሥሩ እያንዳንዱን ዓመት ጻፍኩት፤ ሴት ልጄ የተወለደችበትን፣ በረዶ ገብሱን የመታበትን፣ በጎቹ ያለቁበትን። ለየዓመቱ አንድ መስመር ሰጠሁ። ሁለት ወር ለኖረው ለፍቅሬ ሁለት መስመር። በደል ነው የሚል ካለ ይክሰሰኝ።

አማቴ በር ላይ ይጠብቁ ነበር። ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። «አራት ዓመት ሙሉ? ልጄ ምን ይለኛል? ምን ነካሽ አንቺ?»

«ፍቅሬ ሊቀር ነበር፣ እማማ።»

እጃቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ክርስትና ያስነሡት እሳቸው ነበሩ። «ጻፍሽው?» አሉኝ።

«ጻፍኩት።»

«በክርስትና ስሙ?»

«አይ፣ ፍቅሬ ብዬ ነው።»

«እንግዲያ ምን ጻፍሽ! ተመለሺ፣ ተመለሺ እንጂ! በዓለም ስሙ በሰማይ ማን ያውቀዋል?» ብለው ራሳቸው ቀድመውኝ ገቡ። «ወልደ ሚካኤል ነው» አሉት። ርእሰ መምህሩ ቦታ ስላጣ ኅዳጉ ላይ ጻፈልንና ማኅተሙን መታ።

ባሌ «ሁለት ነበር የተባባልነው» አለ። «ሁለቱን ልማር፤ በቀሩት ሁለት ያኔ እንጣላለን» አልኩት። ወደ እናቱ ዞረ። እናቱ እንዳልሰማ ሰው በጉን ማሰር ያዙ።

አሁን አምስተኛ ክፍል ነኝ። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ስላለ በጎን እቀመጣለሁ። ትናንት ሒሳብ ላይ አጠገቤ ያለችው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ «እትዬ፣ ክፍልፋይ ገባዎት?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። አልገባኝም። ለእሷም አልገባትም። እጃችንን አወጣን።