በሞቴ የማይባልበት ልደት

ዛሬ ማን እንዳዋረደኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ጨዋነቴ! ያውም ቬሊንግቢ የሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት፣ በካልሲ ቆሜ።

ስቶክሆልም ከመጣን ዓመት ሊሞላን ነው። የስድስት ዓመቷ ልጄ ሶሊያና ትምህርት ቤት ጓደኛ አጥታ፣ ጠዋት ጠዋት ጃኬቷን ሳለብሳት ታለቅስ ነበር። አብሬያት የማለቅስበትም ቀን ነበር፣ ልዋሻችሁ አልችልም።

እና አልቫ የምትባል የክፍሏ ልጅ ልደቷ ላይ ጠራቻት!

የመጀመሪያ ጓደኛ! የመጀመሪያ ካላስ! እዚህ የልጆች ልደት ካላስ ነው የሚባለው። ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም።

እኔ ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ልጅቷን ሥልጠና አስገባኋት።

"ሶሊዬ፣ ሰው ቤት አይስገበገቡም። ብዪ ሲሉሽ 'አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ' በይ።"

"ከዛስ?"

"ከዛማ ድጋሚ ይጠይቁሻል። አሁንም እምቢ በይ። በሦስተኛው በሞቴ ብለው ግድ ሲሉሽ ትቀበያለሽ።"

እኛም እንዲሁ አይደል ያደግነው? ሆዳም ልጅ አሳደገች እንዳልባል ነው እኮ!

በሩ ላይ የአልቫ እናት ፈገግ ብላ ተቀበለችን። "ቡና ትጠጫለሽ?" አለችኝ በእንግሊዝኛ። እኔም እንደ ወጉ "አይ፣ አላስቸግርሽም" አልኩ፣ አንድ እግር ጫማዬን እያወለቅኩ።

"ኦኬይ! ከሁለት ሰዓት በኋላ መጥተሽ ውሰጃት።"

በሩ ተዘጋ።

ልደት እየሄድኩ ነው ብዬ ምሳ እንኳን አልበላሁም! ቤታችን ሩቅ ስለሆነ ሴንትሩም የሚሉት የገበያ ማዕከል ውስጥ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ዋልኩ። አዎ፣ ምግብ ገዝቼ መብላት እችል ነበር። ግን ስመለስ ኬክ ያቀርቡልኛል ብዬ ሆዴን አዘጋጀሁለት። አትሳቁ!

ስመለስ ልጆቹ ሁሉ አፋቸው ክሬም በክሬም ሆኗል፣ በየእጃቸው የከረሜላ ከረጢት ይዘዋል።

የኔዋ ጫማ መደርደሪያው ጋ ቆማለች። ጃኬቷን ለብሳለች። አፏ ንጹሕ፣ እጇ ባዶ።

"በጣም ጨዋ ልጅ ናት" አለችኝ የአልቫ እናት። "ግን ምንም አልፈለገችም። ኬኩንም፣ ፊስክዳሙንም።"

ፊስክዳም ማለት አንሶላ ይወጠርና ልጆቹ በወዲያ በኩል ገመድ ይወረውራሉ፣ የተደበቀ ሰው ከረሜላ ያስርላቸዋል። ሶሊ ሳምንቱን ሙሉ ያለመችው እሱን ነበር።

ጎንበስ ብዬ ምን ሆነሽ አልኳት።

"እማዬ፣ እንዳልሽኝ እምቢ አልኩ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም! ሦስተኛውን ስጠብቅ አለቀ።"

አፈርኩም፣ ተናደድኩም። በማን? በራሴ እንጂ በማን!

እና ዕድሜዬን ሙሉ ያላደረግኩትን አደረግኩ። ሰው ቤት ቆሜ ምግብ ጠየቅኩ።

"ይቅርታ... ኬክ ተርፏል?"

ፊቴ ቲማቲም ሆነ። እናቴ ብትሰማ ማቅ ትለብሳለች! ወጋችንን ለሴትየዋ ማስረዳት ጀመርኩ፤ እኛ መጀመሪያ እምቢ እንላለን፣ ቀጥሎም እምቢ እንላለን፣ ግን እንፈልጋለን። እየተናገርኩት ለራሴም እብደት መሰለኝ።

ሴትየዋ አፏን በእጇ ያዘች። ወዲያው ባሏን ጠርታ አንሶላውን መልሳ አስወጠረች። አልቫ የሶሊን እጅ ይዛ እየጎተተች "ኮም! ኮም!" ትላታለች። ሌሎቹ ልጆች ሄደው ሁለቱ ብቻቸውን ገመድ ሲወረውሩ፣ ሲስቁ... እዚህች ጋ ትንሽ አለቀስኩ።

ከዚያ የአልቫ እናት ለሶሊ ኬክ ቆርጣ ሰጠቻትና ቢላውን እንደያዘች ወደኔ ዞረች። "ላንቺስ ልቁረጥልሽ?"

አሁን ያስረዳኋት እኔ! በረሃብ የሞትኩት እኔ!

"አይ፣ አመሰግናለሁ።"

ትንሽ አመነታች። "እርግጠኛ ነሽ?"

"በጣም እርግጠኛ ነኝ!"

ሦስተኛው ላይ ልቀበላት ነበር እኮ። ኬኩ ፍሪጅ ገባ።

በቱነልባናው፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ ማለት ነው፣ ስንመለስ ሶሊ ከረጢቷን ከፍታ አፏን ሞላች። ቀና ብላ አየችኝና ትልቁን ቀይ ከረሜላ ዘረጋችልኝ። "እማዬ፣ ትፈልጊያለሽ?"

ሆዴ ጮኸ፣ አፌ ግን ቀደመኝ። "አይ፣ አንቺ ብዪው የኔ እናት።"

"ኦኬይ!" አለችና ጎረሰችው።

ልጄስ አገሩን ለመደች። እኔን ማን በሞቴ ይበለኝ?